ከመሃል የተከፈተው መጽሐፍ

ልጄ ሦስተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት ከትምህርት ቤቷ አንዲት ካርድ ይዛልኝ መጣች። መዳፍ የምታክል ወፍራም ወረቀት ናት፣ ዳሯ በአረንጓዴ የተሰመረ። ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሦስት ቀን ከክፍል በኋላ የንባብ ሰዓት የሚባል ነገር ጀምሮ ነበር። ልጆቹ ሥዕል ያለባቸውን ትናንሽ መጻሕፍት እየተዋሱ ወደ ቤት ይወስዳሉ፣ ለወላጅ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ወላጅ ደግሞ ካርዷ ላይ ምልክት ያደርጋል። ካርዷ ሦስት ዓምድ አላት። አንደኛው «በደንብ አነበበ»፣ ሁለተኛው «በእርዳታ አነበበ»፣ ሦስተኛው «ገና ነው» ይላል።

እኔ ቦኬ ተወልጄ እስከ ሁለተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ትምህርት ያገኘሁት ጭሮ ገበያ፣ ጫት ተራ ላይ ተቀምጬ ነው። ፊደል እለያለሁ። ነገር ግን ፊደሉ ተገጣጥሞ ቃል እስኪሆንልኝ ድረስ ገበያው ይበተናል። ይህንንም ጽሑፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ጫት ተራ ላይ ሹፌር አልፈራም፣ ደላላ አልፈራም፤ የትምህርት ቤት በር ግን እፈራለሁ። ስለዚህ ካርዷን ስቀበል ፈራሁ። ልጄን መዝኚ ተብያለሁ፣ መመዘኛው ግን በእጄ የለም።

ከመግሪብ በፊት፣ ብርሃኑ ሳይሄድ፣ ደጃፋችን ላይ ምንጣፍ ዘርግተን እንቀመጥ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጄ ስታነብ ትቆማለች። አንድ ቃል ጋ ስትደርስ ታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ጣቷን ፊደሉ ላይ ታሳርፋለች፣ ዝም ትላለች። እኔን ያ ዝምታ ያስጨንቀኛል።

«አትቁሚ!» እላታለሁ። «ቀጥይ፣ አትቁሚ።»

እኔ በልጅነቴ ቁርኣን ቤት ሎህ ይዤ፣ ያንን የምንጽፍበትን ጣውላ ማለቴ ነው፣ ከኡስታዙ ፊት ስቀመጥ፣ የቆመ ልጅ ያላወቀ ልጅ ነበር። ሳያቋርጥ የወረደለት «ማሻአላህ» ይባላል፣ የተንተባተበ ተመልሶ ይቀመጣል። የማውቀው መመዘኛ እሱ ብቻ ነው። እሱኑ ይዤ የልጄ መጽሐፍ ፊት ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ መቆም ተወች። እንደ ውሃ ትወርደው ጀመር። እኔ በጣቴ የመጀመሪያውን ቃል ገጣጥሜ ሳልጨርስ እሷ ገጹን ገልብጣዋለች። ማሻአላህ! ከእናቷ ይህን ያህል ከፈጠነች ምን ቀራት ብዬ «በደንብ አነበበ» የሚለው ላይ ምልክቴን አኖርኩ። ምልክቴ ፊርማ አይደለም፣ የታሰረ ጫት ይመስላል፤ ሁለት መስመርና መሃሉ ላይ ቋጠሮ። ካርዷ በቋጠሮ ሞላች። አንድም ቀን ክፍት የቀረ ቦታ አልነበረባትም።

አንድ ቀን መምህርቷ አስጠራችኝ። ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። ምን አጥፍታ ይሆን እያልኩ ሄድኩ።

«እናቴ፣ ካርድዎ ከሁሉም ወላጅ የበለጠ የተሞላ ነው» አለችኝ። «ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። የንባቡ ሰዓት ለልጆቹ ይጥቀም አይጥቀም የሚገመግሙ ናቸው። ልጅዎ ፊታቸው ታነባለች፣ እርስዎ ደግሞ ወላጆችን ወክለው ሁለት ቃል ይናገራሉ።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«ያዩትን ነዋ!»

ግምገማው ጥሩ ከሆነ የንባቡ ሰዓት ለሚቀጥለው ዓመት ይቀጥላል፣ በመቻራና በአሰቦት ትምህርት ቤቶችም ይከፈታል አለችኝ። መጥፎ ከሆነ ይዘጋል። እግሬ መሬት ሳይነካ ነው ወደ ገበያ የተመለስኩት። የጫት ነጋዴዋ ልጅ፣ በእንግዶች ፊት!

ከጎኔ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አለች። ጴንጤ ናት፣ ዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፣ እሷ በእኔ ሶላት ሰዓት መደቤን ትጠብቃለች፣ እኔ በእሷ ጸሎት ቀን ድንቿን እሸጥላታለሁ። ለእሷ ነገርኳት።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ዋጋ ትጨምሪያለሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኞ ዕለት ነው። አንድ ገበሬ ጫት ይዞ መጣ። እስሩን ወደ ፊቴ ገፋ አድርጎ «ኢላሊ! እይው እንጂ! ሐር እኮ ነው» አለኝ። ላይኛው እውነትም ሐር ይመስላል፣ ቀይ ለጋ ጫፍ። እኔ ግን ላይኛውን አይቼ ገዝቼ አላውቅም። ጣቴን ከመሃል አስገብቼ ገመዱን ፈታሁ። ውስጡ ጠንካራ ቅጠልና እንጨት ነው።

«አንቺ ሴት፣ ሰው የሚባል አታምኚም?» አለ።

«አንተን አምናለሁ፤ እስሩን ነው የማላምነው። ፈትተህ እሰረው፣ ከዚያ ና።»

እሱ እየሳቀ እየተራገመ ጫቱን ሲለይ ልጄ ከትምህርት ቤት ደረሰች። አጠገቤ ተቀመጠችና መጽሐፏን አወጣች። የፍየል ተረት ነው፣ ሐሙስ ልታነበው የተመረጠላት። ባለ ድንቿ ጎረቤቴ «እስቲ እኛም እንስማ» አለች። ልጄ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ወረደችው።

ጎረቤቴ ድንቿን እያበሰች «ይቺ ልጅ ባጃጅ ናት እንዴ? ምንም ፍሬን የላትም» አለች።

በዚህ ቃል ነደድኩ። መጽሐፉን ከልጄ እጅ ወሰድኩና «ከየትም ብታስጀምሪያት ታነበዋለች!» ብዬ መሃሉን ከፈትኩት። እጄ ልማዱን ነው የሠራው፤ ጫት እንደሚፈታ። ልጄ ሥዕሉን አየችና ወዲያው ቀጠለች። ደስ አለኝ። ከተራራው በኩል ነፋስ መጣና ገጹን ሲያንቀሳቅስብን፣ ጫት የምጠቀልልበትን እርጥብ የሙዝ ቅጠል ብድግ አድርጌ መጽሐፉ ላይ ጫንኩ። ቅጠሉ ሥዕሉን ሸፈነው፣ ጽሑፉ ግን ይታያል።

ልጄ ዝም አለች።

«ቀጥይ» አልኳት።

ጽሑፉን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ቅጠሉን አነሳሁ። እንደ ውሃ ወረደች። ቅጠሉን መለስኩት። ዝም። በጣቴ አንዲት ቃል ጠቆምኳት፤ እኔም እንኳ ልገጣጥማት የምችላት አጭር ቃል ናት፣ «ውሃ» ትላለች። ልጄ በቅጠሉ ዳር ብቅ ያለውን የፍየል ቀንድ አየችና «ፍየል?» አለችኝ። ድምጿ የጥያቄ ነበር።

ጎረቤቴ ፊቷን አዞረች፣ የተደረደረውን ድንች እንደገና መደርደር ጀመረች። ውለታዋን አልረሳውም። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ እጇን ይዤ ጠየቅኳት።

«ማን ነው የሚያነብልሽ?»

«ከቤታችን ጎን ያለችው ትልቋ ልጅ። መጽሐፍ ሲቀየር አንድ ሁለቴ ታነብልኛለች፣ ከዚያ እይዘዋለሁ። ሥዕሉ ይነግረኛል።»

«ለምን አታለልሽኝ?»

እጇን ከእጄ አወጣች። «አላታለልኩሽም አዮ» አለችኝ። እኛ ጋ እናት «አዮ» ነው የምትባለው። «ስቆም አትቁሚ ትይኛለሽ። ስቆም እኮ እያነበብኩ ነበር።»

መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋብኝ ነው ወደ ዳር የወጣሁት። ያንን ሁሉ ከንፈር መንከስ፣ ያንን ሁሉ ጣት ፊደል ላይ ማሳረፍ አስታወስኩ። ልጄ ፊደሉን እየገጣጠመች ነበር፣ እኔ እንደማደርገው። እኔ ነኝ በገዛ አፌ ያስቆምኳት። ቁርኣን በልብ ይያዛል፣ መያዝም አለበት፤ ኡስታዜ አልተሳሳተም። የእሱን መመዘኛ ወደማይሆንበት ቦታ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣብኝ ፍርሃት ሌላ ነው። እኔም ሁለተኛ ክፍል ሆኜ መምህሩ ያለውን ሁሉ ተከትዬ እል ነበር፣ ድምፄ ከክፍሉ ሁሉ ይበልጣል። ጎበዝ ነበርኩ፣ ሁሉም ያጨበጭብልኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥቼ የጤና ጣቢያ ወረቀት እጄ ላይ ሲሰጡኝ ነው ምንም እንደማላነብ ያወቅኩት። ልጄም እየተጨበጨበላት አራተኛ ክፍል ልትገባ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መደቤን ለጎረቤቴ ትቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ልጄ አታነብም» አልኳት። የሆነውን ሁሉ፣ የሙዝ ቅጠሉን ሳይቀር፣ ነገርኳት።

መምህርቷ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «የስንት ልጅ ካርድ እንዲህ ይሆን?» አለች፣ ለራሷ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እናቴ፣ ሐሙስ ይለፍ። የምታነበው የምታውቀውን መጽሐፍ ነው፣ አታፍርም። ይህ ነገር ከተዘጋ ግን እሷም አታነብም፣ ሌሎቹም አያነቡም። ሐሙስ ይለፍና ልጅዎን ለብቻዋ ይዤ አስተምራታለሁ፣ ቃሌ ነው።»

ክፉ ሰው አይደለችም። የምትለውም ስህተት አይመስልም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

እሺ አልኩ እንጂ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሆነልኝም። ያሰርኩት ይፈታል፣ የፈታሁት ይጠፋል። ጎረቤቴ ታየኝ ነበር።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ገበሬው ላይኛውን ብቻ አሳምሮ ሲያመጣ ምን ነው የምትይው?»

«ፈትተህ እሰረው እለዋለሁ።»

«ጣለው አትይውም?»

«ለምን እጥለዋለሁ? ጫቱ ጫት ነው። አስተሳሰሩ ነው እንጂ።»

«በቃ» አለችና ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ያን ቀን ከመግሪብ በፊት ልጄን ጠየቅኳት። «ነገ በሰው ፊት እውነቱን ብናገር ትቀየሚኛለሽ?»

«አዎ» አለች ወዲያው። ቆየት ብላ ደግሞ «ብቀየምሽም ትናገሪያለሽ?» አለችኝ።

«እናገራለሁ።»

ጀርባዋን ሰጠችኝ። መጽሐፉን ግን አልዘጋችውም፤ ከትከሻዋ በላይ ሳይ ሥዕሉን በመዳፏ ሸፍና ጽሑፉ ላይ አፍጥጣለች።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቷል። እንግዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ዝምተኛ ወንድና መነጽር ያደረገች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ሴት። ሴትየዋ ጭኗ ላይ ካርዶቹን ደርድራለች፣ የእኔ ቋጠሮ ከሩቅ ይታየኛል። ስሜ ሲጠራ ተነሳሁ። የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ ያዝኩ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። «እኔ ጫት ነጋዴ ነኝ፣ ማንበብ ብዙም አልችልም። ከሁሉ የበለጠ የተሞላው ካርድ የእኔ ነው ተብዬ ነው የተጠራሁት። እሱ ካርድ ልክ አይደለም። በደንብ አነበበች እያልኩ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ ግን ሥዕሉን እያየች በቃል ነው የምትለው። ጥፋቷ አይደለም። ስታነብ ስትቆም አትቁሚ እያልኩ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ርእሰ መምህሩ ብድግ አለና «እናታችን ትንሽ ደንግጠው ነው…» አለ።

«አዎ ደንግጫለሁ» አልኩት። «ደንግጬም ቢሆን ልጨርስ። የንባቡ ሰዓት አይዘጋ። ጫቱ ጫት ነው፣ አስተሳሰሩ ነው የተበላሸው። ለልጆቹ መጽሐፉን ከመሃል ክፈቱላቸው፣ ሥዕሉን ሸፍኑት፣ ያን ጊዜ ማን ምን እንደሚያውቅ ታያላችሁ። ከዚያ ፈትታችሁ እሰሩት።»

መነጽር ያደረገችው ሴት «እርስዎ በምን ሸፈኑት?» አለችኝ።

«በሙዝ ቅጠል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም፣ ጻፈች። ከዚያ ተነስታ ልጆቹ በሰው ፊት እንደማያነቡ ተናገረች። አንድ በአንድ ወደ ባዶ ክፍል እየጠራች፣ ሥዕሉን በደብተሯ እየሸፈነች አስነበበቻቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀ። የእኔ ልጅ ስትገባ በመስኮቱ አየኋት። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ ከንፈሯ ጥርሷ ውስጥ። ቆይታ ቆይታ አፏ ተንቀሳቀሰ።

ሴትየዋ ወጥታ እውነቱን ሳትደብቅ ነገረችን። ጥቂቶቹ በእውነት ያነባሉ። ብዙዎቹ እንደ እኔ ልጅ ናቸው። «ልጅዎ ጥቂት ቃል አንብባልኛለች፣ በየቃሉ እየቆመች» አለችኝ። ካርዷን እያገላበጠችም «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ካርዱ ራሱ የማታነብን እናት ልጅሽ አነበበች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ምን ቢጠይቅ ኖሮ እርስዎ በትክክል ይመልሱ ነበር?» አለች።

እንደዚያ ያለ ጥያቄ ከተማረ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። አሰብኩ። «የት ላይ ቆመች ብሎ ቢጠይቀኝ» አልኩ። «መቆሟን አያለሁ። የቆመችበትን በጣቴ ማሳየት እችላለሁ።»

የመጣው ውሳኔ ሁሉንም አላስደሰተም። የእኛ የንባብ ሰዓት አልተዘጋም፣ አንድ ዓመት ተጨመረለት፣ ልጆቹ ግን በክፍላቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ እንደገና ተመደቡ። የመቻራውና የአሰቦቱ እኛ እስክንስተካከል ይቆይ ተባለ። እሱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ የመቻራ እናቶች ምን አደረጉኝ? አንድ አባት ገበያ ድረስ መጥቶ «የልጄን ስም አጠፋሽ፣ አርፈሽ ጫትሽን ሽጪ» አለኝ። ጎረቤቴ ናት ድንች ይዛ የተነሳችበት። ልጁ አሁን ስንት ገጽ በራሱ እንደሚያነብ ሰምቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል። መምህርቷም ለጥቂት ሳምንት ሰላም ስትለኝ ዓይኔን አታይም ነበር። ግን ቃሏን ጠበቀች፤ አሁንም ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ሥዕል ስትሸፍን ነው የማያት።

ልጄ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ተመደበች። ያቀረብኩላትን ትበላለች፣ ወደ ላክኋት ትሄዳለች፣ አታናግረኝም። ገበያ ስትመጣም ከጎረቤቴ ድንች ጎን ነው የምትቀመጠው፣ ከእኔ ጎን አይደለም። ቻልኩት። ትቀየሚኛለሽ ወይ ብዬ ጠይቄ አዎ ብላኛለች፣ የመለሰችልኝን ነው የፈጸመችው።

ከዚያ አንድ ቀን ከመግሪብ በፊት ምንጣፉን ራሷ ዘረጋች። አዲሱን ካርድ ከፊቴ አስቀመጠች። አንድ ዓምድ ብቻ ነው ያለው፣ «ዛሬ የት ቆመች?» ይላል። ማንም ያላነበበላት አዲስ መጽሐፍ ከፈተች፣ ከመሃል፣ ከዚያም ከገበያ ይዤ የመጣሁትን የሙዝ ቅጠል አንስታ ሥዕሉ ላይ ጣለች።

አነበበች። እንደ ውሃ አይደለም። ድንጋያማ መንገድ እንደሚሄድ ሰው፣ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች። ከንፈሯን ነከሰች። ያ የድሮው ቃል እስከ ጥርሴ መጣ፣ ዋጥኩት።

«አዮ፣ ቆሜአለሁ» አለችኝ ዓይኗን ሳታነሳ። «ምልክት አድርጊ።»

ቋጠሮዬን አሰርኩ። አዛኑ ተጠራ። ሌላ ቀን ቢሆን ተነስተን ውዱእ ለማድረግ፣ ለሶላት ለመታጠብ፣ እንሮጥ ነበር። ጣቷ ፊደሉ ላይ ነው፣ እኔም አጠገቧ ነኝ።

«መ…» አለች። «መሰ…»

ቃሉን እኔም ከጎኗ ሆኜ እየገጣጠምኩ ነበር። ገና አልጨረስኩም።

«መሰላል!» ብላ ቀና አለች። ቅጠሉን አነሳች። ሥዕሉ ውስጥ ዛፍና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፣ መሰላል የሚባል ነገር የለበትም። ሁለታችንም ደግመን አየን፣ የለበትም። ሳቀች፣ መጽሐፉንም ወደ እኔ አስጠጋችው።

«አሁን አንቺ» አለችኝ። «ብትቆሚም ግድ የለም።»